«ልጅ አለሽ?» የምትል ሳጥን

የዘንድሮ የትዳር አገናኝ ኪስ ውስጥ ይገባል። ቡና አፍሉልኝ አይልም፣ ውለታ አይቆጥርም፣ «የማን ልጅ ናት?» ብሎ ሰባት ቤት አይወርድም። ዕድሜ፣ ቁመት፣ ሃይማኖት፣ ሲጋራ ታጨሻለሽ አታጨሺም ብሎ ይጠይቅና ወንዱን እንደ ምስር ፊታችን ላይ ይዘረግፈዋል። መልቀሙ የኛ ፋንታ ነው።

ልጇን ለብቻዋ ለምታሳድግ ሴት ግን ከጥያቄዎቹ ሁሉ አንዷ ትለያለች። አንዳንዱ ሳይት ይጠይቃታል፣ አንዳንዱ ይዘላታል፣ አንዳንዱ መጨረሻ ላይ በትንሽ ፊደል ያስቀምጣታል፦ ልጅ አለሽ? «የትኛው ሳይት ይሻላል?» እያላችሁ ለምትጠይቁን ሁሉ መልሳችን የሚጀምረው ከዚህች ሳጥን ነው።

መጀመሪያ ማን እንደሆንን እንናገር። ሦስት ነን። አንዷ ባንክ ቤት የሰው ገንዘብ ትቆጥራለች፣ አንዷ ከዱባይ በሚመጣ ልብስ ትነግዳለች፣ አንዷ ደግሞ ጋዜጠኝነት ተምራ ለማስታወቂያ ድርጅት «አሁኑኑ ይደውሉ!» የሚል ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች (ይህን የጻፈችው የትኛዋ እንደሆነች ገምቱ)። ሦስታችንም ገና ሠላሳ አልሞላንም። ሦስታችንም አንድ አንድ ልጅ አለን። አባቶቻቸውስ? አንዱ ውጭ አገር ነው፣ አንዱ እዚሁ አዲስ አበባ ሆኖ ስልክ አያነሳም፣ አንዱ በየወሩ ሳያዛንፍ ብር ይልካል። ሦስተኛው ጥሩ ሰው ነው፤ ጥሩ ሰው ሁሉ ግን ባል አይሆንም። ታዲያ ባለፈው ዓመት በተለያየ ወር፣ አንዳችን ለሌላችን ሳንናገር፣ ስልካችን ላይ ያንኑ ዓይነት አፕ ጭነን ተገኘን። ከተነቃቃን በኋላ መምረጡን በጋራ አደረግነው።

ለምን በስልክ?

ከመውለዳችን በፊት ሠርግ ቤት በሄድን ቁጥር «ያንቺንስ የምንበላው መቼ ነው?» የማትለን አክስት አልነበረችም። ከወለድን በኋላ ጥያቄው ድንገት ቆመ። ልጅ ያላት ሴት ድርሻዋን የወሰደች ይመስል፣ ወይም እንዳናፍር ታስቦልን ይሆናል፣ ብቻ ቆመ። አክስቶች በጓዳ የሚያካሂዱት የማገናኘት ሥራም አብሮ ቆመ። «አንድ ጨዋ ልጅ አለ፣ ኢንጂነር ነው» የሚባለው ልጅ አሁን የሚባለው ለታናናሾቻችን ነው። የኛ ስም ከተነሳ የሚታሰብልን ወይ ሚስቱ የሞተችበት የሃምሳ ዓመት ሰው ነው፣ ወይ ከአሜሪካ ለሦስት ሳምንት መጥቶ አግብቶ ለመመለስ የቸኮለ።

በራሳችሁ ፈልጉ እንዳይባል ደግሞ ሰዓቱ የለም። ጠዋት ልጅ ማድረስ፣ ቀን ሥራ፣ ማታ የታክሲ ሰልፍ፣ ራት፣ ገላ ማጠብ፣ ተረት። ልጁ እንቅልፍ ሲወስደው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ይሆናል። ከሦስት እስከ አራት ያለችው አንዲት ሰዓት ብቻ ናት የኛ የምትባለው። በዚያች ሰዓት፣ ፒጃማ ለብሰን የምናገኘው ሰው ስልክ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

የኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር ማይክል ሮዘንፌልድ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመው ጥናት፣ በ2017 ከተዋወቁት የወንድና የሴት ጥንዶች 39 በመቶ ያህሉ የተገናኙት በኢንተርኔት እንደነበር ጽፏል። ድሮ ጓደኛ፣ ዘመድና ጎረቤት ይሠሩት የነበረውን ሥራ ስክሪን ወርሶታል ማለት ነው። ነገሩ አዲስም አይደለም፤ ማች ዶት ኮም የተባለው ሳይት ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ ያኔ ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ራሱ ገና አልገባም ነበር፣ የገባው በ1997 ነው። እኛ አገር ከጋዜጣው «የትዳር ጓደኛ እፈልጋለሁ» ማስታወቂያ ወደ ፌስቡክ፣ ከፌስቡክ ወደ ቴሌግራም ቻናል እያልን ዛሬ ላይ ደርሰናል።

የቃል እጥረት

ምዝገባ ስንጀምር መጀመሪያ ያደናቀፈን ቋንቋ ነው። «የጋብቻ ሁኔታ» ይላል ፎርሙ። ያላገባች፣ የፈታች፣ ባሏ የሞተባት። ሦስታችንም ሠርግ አልደገስንም፣ ስለዚህ አልፈታንም። ማንም አልሞተብንም። በሕግ ቋንቋ «ያላገባች» ነን። ይህንን መርጠን ስንገባ ግን እዚያው ሳጥን ውስጥ ገና ከዩኒቨርሲቲ ያልወጣች የሃያ ዓመት ልጅ ጋር ተሰልፈን ራሳችንን አገኘነው። ወንዱ ሁለታችንንም አንድ ብሎ ያነበናል።

አማርኛችን እንደኛ ላለች ሴት ያዘጋጀው ቃል ጥቂት ነው፣ ያለውም አይመችም። «ፈት» የኛ አይደለም። «ጋለሞታ» ድሮ ባል የሌላትን ሴት የሚጠራ ቃል ነበር ይባላል፤ ዛሬ ግን ስድብ ነው። «ወልዳ የቀረች» የሚለው ደግሞ ከየት እንደቀረን አይናገርም። ለዚህ ነው የከተማው ልጅ ሁሉ «ሲንግል ማዘር» የሚለው። በባዕድ ቋንቋ ሲነገር ቁስሉ የሚቀንስ ይመስላል፤ ፀጉር ቤትም፣ ቢሮም፣ ታክሲ ውስጥም ይባላል። እኛ ግን ፕሮፋይላችን ላይ «ሲንግል ማዘር» ብለን ለመጻፍ እጃችን አልታዘዘንም። ረጅሙን ጻፍነው፦ «አንድ ልጅ አለኝ፣ አብሮኝ ይኖራል።» አምስት ቃል ነው። ለዚህች አምስት ቃል የሚሆን ቦታ ያለው ሳይት ፍለጋ ወጣን።

በምን መዘንናቸው?

አንደኛው ሚዛን ያቺው ሳጥን ናት። እንደ ሂንጅና ኦኬ ኪዩፒድ ያሉት ስለ ልጅ ሁለት ነገር ለይተው ይጠይቃሉ፦ አሁን ልጅ አለሽ ወይ፣ ወደፊትስ ትፈልጊያለሽ ወይ። ይህ ለኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ልጅ ያላት ሴት ሌላ ልጅ አትፈልግም፣ ወይም ሌላ ልጅ ወልዳ ሰውየውን ልታስር ትፈልጋለች የሚሉት ሁለቱም ወሬዎች ከመወራታቸው በፊት መልስ ያገኛሉ። የቴሌግራም የትዳር ቻናሎች ላይ ያየናቸው ፎርሞችም ሃይማኖትና ሥራ ከጠየቁ በኋላ «ልጅ፦» የምትል መስመር አላቸው። ትገርማችኋለች፣ እዚያች መስመር ላይ «የለኝም» የሚለው መልስ እንደ ዲግሪ ነው የሚጻፈው።

ሁለተኛው ሚዛን ማን ያየናል የሚለው ነው። አዲስ አበባ ትልቅ ከተማ ትመስላለች እንጂ የባንክ ደንበኛ፣ የልጅ አስተማሪና የአክስት ልጅ በአንድ ቀን የሚገናኙባት መንደር ናት። እንደ ቲንደር ያሉት ሰውየው ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንዳለ ያሳያሉ፤ እኛንም ለሱ እንዲሁ። ዛሬ ከቢሮው ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ነገ ከቤቱ አንድ ኪሎ ሜትር እያለ የሚያነብ ሰው ሰፈራችንን ለመገመት የሒሳብ ሊቅ መሆን አይጠበቅበትም። ርቀትን መደበቅ በክፍያ የሚሸጥበት ቤትም አለ። ቲንደር የስልክ ማውጫችን ላይ ያሉትን ሰዎች «አታሳየኝ» ማለት የሚቻልበትን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2021 አምጥቷል፤ ጥሩ ነው፣ ግን የቀድሞውን ሰውዬ ቁጥርና የአለቃችንን ቁጥር ለኩባንያው አሳልፈን መስጠት አለብን። የፌስቡኩ መገናኛ ደግሞ እዚያው የፌስቡክ አካውንት ላይ ቢሠራም ፕሮፋይሉ የተለየ ነው፣ ጓደኞቻችንንም ለኛ አያጭም። የቴሌግራም ቻናል ግን ሌላ ነው። አንዴ ከተለጠፍን አባል ለሆነው ሁሉ ተለጥፈናል፤ የሚያይም ፎቶ አንስቶ የሚያስቀምጥም አይታወቅም። በዚያ መንገድ የምትሄዱ ካላችሁ ቢያንስ ስልክ ቁጥር ማን ይይ በሚለው ቦታ ላይ «ማንም» የሚለውን ምረጡ።

ሦስተኛው ሚዛን ሰዓት ነው። ባምብል እ.ኤ.አ. በ2014 ሲጀመር ወንድና ሴት ሲመራረጡ መጀመሪያ የምትጽፈው ሴቷ ናት የሚል ደንብ ይዞ ነው የመጣው። ደንቡን ወደድነው፤ ማንም ዘው ብሎ «ሃይ ቆንጆ» አይለንም። ችግሩ ጊዜው ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልጻፍን ሰውየው ይጠፋል። ልጅ ያለው ሰው 24 ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ልጅ አተኩሶት ያደረበት ሌሊትም 24 ሰዓት ውስጥ ነው የሚቆጠረው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሴቷ አንድ ጥያቄ አስቀድማ አዘጋጅታ እንድታስቀምጥ፣ ወንዱም ለዚያ እየመለሰ እንዲጀምር የሚያስችል ለውጥ አድርገዋል። የኛዋ ባንከኛ ጥያቄዋን ያዘጋጀችው በአንድ ደቂቃ ነው፦ «ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ምን እየሠራህ ትገኛለህ?»

አራተኛው ክፍያ ነው። ኢሃርመኒን የመሳሰሉት ገና ሲጀመር ረጅም መጠይቅ ያስሞላሉ፣ ገንዘብም ያስከፍላሉ። «የከፈለ ሰው የምሩን ነው» ይባላል። ሊሆን ይችላል። ክፍያው ግን በዶላር ነው፤ የብዙዎቻችን ካርድ ደግሞ ከብር በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቅም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛችን «እኔ ልክፈልላችሁ» ብላን ነበር። ለዳይፐር እንጂ ለባል ብድር አንገባም ብለን ተሳስቀን አለፍነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።

ፀጥታው

የጋዜጠኝነት ትምህርት ጥቅሙ ነገርን መሞከር ነው። በአንዱ ሳይት (ስሙ ይቆየን) አንድ ሳምንት ሙሉ ያለ አምስቷ ቃል ቆየን። ፎቶው ያው፣ ሥራው ያው፣ ዕድሜው ያው። ስልኩ እንደ ቡና ጀበና ሲንተከተክ ሰነበተ። በሁለተኛው ሳምንት «አንድ ልጅ አለኝ፣ አብሮኝ ይኖራል» የምትለዋን ከላይ አስገባናት። ፀጥ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት መብራት እንደጠፋበት ሰፈር ፀጥ።

ከፀጥታው ውስጥ የመጡት ጥቂት መልእክቶች ግን ትምህርት ነበሩ። «አታስመስዪም እኮ!» ያለን አለ፤ ምኑን እንደማናስመስል አልነገረንም። «ከማን ነው?» ያለን አለ። «አባቱ ይመላለሳል?» ያለን አለ፤ ይህኛው ጥያቄ ተገቢ ነው፣ ለአምስተኛ መልእክት። አንዱ ደግሞ እንደ ባለጉዳይ በትሕትና «ልጁን ከእናትሽ ጋር ማድረግ አይቻልም?» ሲል ጠየቀን። እናቶቻቸው ዓረብ አገር ሠርተው በሚልኩት ብር አያት ጋር የሚያድጉ ልጆች በየሰፈራችን አሉ። ያንን እናቶቹ የሚያደርጉት ልጁ እንዲበላና እንዲማር ነው፤ የሄዱበትን ወር ሳይቀር ይቆጥራሉ። ይህ ሰው የጠየቀን ግን ሶፋው ላይ እንዲሰፋለት ነው።

አንድ መልእክት ደግሞ ደማችንን አቀዘቀዘው። ሰላምታ፣ ስም፣ ከዚያ በሦስተኛው መስመር፦ «ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው? ፎቶዋን ላኪልኝ እስቲ።» የኛን ፎቶ አልጠየቀም። ልብስ ነጋዴዋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጇን በነጠላዋ ጠረገች፣ የሆነ ነገር የነካች ይመስል።

ይህን እንደ ጥርጣሬ ብቻ እንዳታዩብን። የአውስትራሊያ የወንጀል ጥናት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ጥናት፣ ወደ 10,000 ከሚጠጉ የዚህ ዓይነት አፕ ተጠቃሚዎች መካከል 12 በመቶ ያህሉ፣ የራሳቸውን ወይም የሚያገኙትን ሌላ ልጅ ለወሲብ ብዝበዛ የሚያጋልጥ ጥያቄ እዚያ ከተዋወቁት ሰው እንደቀረበላቸው ተናግረዋል። ከስምንት ሰው አንዱ ማለት ነው። እናት መሆናችንን የምታሳውቀው መስመር ደህናውንም ሰው፣ ልጁን ብሎ የሚመጣውንም ትጠራለች።

ስለዚህ ደንብ አወጣን፣ ሦስታችንም ፈርመንበታል (በቡና ሲኒ)። ልጁ በጽሑፍ ይገባል፣ በፎቶ አይገባም። ስሙ አይጻፍም፣ ዕድሜው አይጻፍም፣ ወንድ ይሁን ሴት አይጻፍም። ለዚህ ነው አማርኛ ሲያስገድደን በወንድ አንቀጽ «አብሮኝ ይኖራል» ያልነው፤ ሴት ልጅ ያላትም እንዲሁ ጻፈች። ከፎቶዎቻችንም ላይ ልጁን ብቻ ሳይሆን ልጁን የሚናገረውን ሁሉ አወጣን። ወንበር ላይ የተሰቀለ ዩኒፎርም ቀለሙ ትምህርት ቤቱን ይናገራል። በረንዳ ላይ ተነስተን ከሆነ ከኋላችን ያለው ኮንዶሚኒየም የብሎክ ቁጥሩን በትልቁ ጽፎ ቆሟል። የልጁን ፎቶ የጠየቀ ሰው ምክንያት አይጠየቅም፣ መልስ አይሰጠውም፤ ለሳይቱ ሪፖርት ይደረጋል፣ ይዘጋል። ሪፖርት የሚደረግበት ቁልፍ በሁለት ንክኪ የማይገኝበት ሳይት ከዝርዝራችን ወጥቷል።

«ማን ያውቀዋል?»

የአንዳችን እናት ነገሩን ሰምተው ስልኩን አሳዩኝ አሉ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ፎቶዎቹን በጣታቸው እየገፉ፣ አንድ በአንድ አዩ። መኪና ላይ የተደገፈ፣ ጂም የሚሠራ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ፀሐይ መነጽር ያደረገ።

«ይሄ ልጅ ዘመድ የለውም እንዴ? ሁሉም ላይ ብቻውን ነው» አሉ።

«እማዬ፣ እንደዚህ ነው የሚነሱት።»

«እሺ ልጄ። ማን ያውቀዋል?»

ይህ ጥያቄ ሦስታችንንም ዝም አሰኘን። እሳቸው ባገቡበት ዘመን ሽማግሌ ሲላክ ሰውየው ከመምጣቱ በፊት ወሬው ይመጣ ነበር፤ ይጠጣል፣ ይማታል፣ እናቱን ይጦራል፣ ፊት ያገባት ለምን ተለየችው። ያ አሠራር ስንቷን ሴት ያለ ፍላጎቷ እንደዳረ እናውቃለን፣ አናሞጋግሰውም። ግን «ማን ያውቀዋል?» ለሚለው መልስ ነበረው። ስልኩ መልስ የለውም። ሳይቱ ሰውየው የራሱን ስልክ እንደያዘ ሊያረጋግጥ ይችላል፣ ፊቱ ከፎቶው ጋር እንደሚመሳሰል ሊያረጋግጥ ይችላል። ሰማያዊዋ ምልክት ፊቱን እንጂ ጠባዩን አታውቅም።

ስለ ማረጋገጫ ካነሳን፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የሆነውን አስታውሱ። ቲ የተባለው የአሜሪካ አፕ ሴቶች ስለሚተዋወቋቸው ወንዶች እርስ በርስ የሚጠነቃቀቁበት ነበር። ተሰብሮ 72,000 ያህል ምስሎች ወጡ፤ ከነዚህ ውስጥ 13,000 ያህሉ ሴቶቹ ማንነታቸውን ለማረጋገጥ የላኳቸው ሰልፊዎችና መታወቂያዎች ነበሩ። ከአደጋ ሊጠብቃቸው የገቡበት ቤት ነው የተዘረፈው። እኛም መታወቂያ ላኪ የሚል ሳይት ሲገጥመን ቆም ብለን እናስባለን፤ ፊትን ለአፍታ በካሜራ አሳይቶ መጨረስ የሚቻልበትን እንመርጣለን።

ስለዚህ የራሳችንን ሽማግሌ አቋቋምን። ሽማግሌዎቹ እኛው ነን። አንዷ ከሰው ጋር ከሁለት ሳምንት በላይ ካወራች ሌሎቻችን ስሙንና የሚሠራበትን ቦታ እንሰማለን። ከመገናኘት በፊት አንድ የቪዲዮ ጥሪ ይደረጋል፤ «ካሜራዬ ተበላሽቷል» ያለ ሰው ካሜራው እስኪሠራ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ቀጠሮ በቀን ነው፣ ሰው ባለበት ካፌ፣ ከሰፈራችን ርቆ። ገንዘብ ያነሳ ሰው፣ በጉምሩክ የተያዘ ዕቃም ይሁን የታመመ ወንድም፣ በዚያው ይሰናበታል። የአሜሪካው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ወደ 70,000 የሚጠጉ ሰዎች በፍቅር ስም ተታለው 1.3 ቢሊዮን ዶላር እንዳጡ አስታውቋል። ያ ሁሉ ሰው ሞኝ አልነበረም፤ ማታ ማታ የሚያወራው ሰው ያገኘ ሰው ነበር። ልጅን ማስተዋወቅ ደግሞ የመጨረሻው መጨረሻ ነው። ልጅ ሰው ይለምዳል። እኛ ለመለያየት ሦስት ወር ልቅሶ ይበቃን ይሆናል፤ «አጎቴ ለምን አይመጣም?» ለሚል የአራት ዓመት ልጅ ግን የምንሰጠው መልስ የለንም።

ለምን አንደብቀውም?

ብዙ ሰው የመከረን ሌላ ነው። «መጀመሪያ አታንሺው፣ ይውደድሽ፣ ከዚያ ትነግሪዋለሽ።» የመሥሪያ ቤት ጓደኞች ብለውናል፣ ፀጉር ሠሪያችን ብላናለች፣ አንዷ ታላቅ እህት ምላ ተገዝታ ብላናለች። ምክሩ ክፋት የለውም። ሴትን ልጅ ካላት የሚያስቀንስ ገበያ ውስጥ ዋጋዋን እንዳትቀንስ ከማሰብ ነው።

እኛም በቁጥር ካየነው ምክሩ ያሸንፋል። ጀበናው ሲንተከተክ የሰነበተበትን ሳምንት አልረሳነውም። ግን ያ ሁሉ ሰላምታ ለኛ አልነበረም፤ እኛን ለምትመስል፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ድንገት «ነይ እንውጣ» ስትባል ለምትወጣ ሴት ነበር። እሷን ሆነን ስንት ጊዜ እንቆያለን? በሁለተኛው ወር ስንነግረው ሰውየው «አታለልሽኝ» ቢል ደግሞ ልጁ የማታለያ ዕቃ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ልጃችንን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው እንደ መጥፎ ዜና ይሆናል።

ሌላም አለ። የባንከኛዋ ልጅ ዘንድሮ ፊደል ጨርሳለች። የታክሲ ታፔላ ታነባለች፣ የሱቅ ማስታወቂያ ታነባለች፣ ከእናቷ ትከሻ ላይ ሆና ስልክ ታነባለች። ባለፈው «እማ፣ ‹የለኝም› ማለት ምንድነው?» ብላ ጠየቀች፤ ያየችው የባንክ መልእክት ላይ ይሁን ሌላ ቦታ አላወቅንም። ያን ቀን ሦስታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። ኢንተርኔት ላይ የተጻፈ ነገር አይጠፋም፣ ልጅ ደግሞ ያድጋል። «ልጅ፦ የለኝም» ብላ የጻፈች እናት፣ ያንን መስመር አንድ ቀን ራሱ ልጁ ቢያነበው ምን ትለዋለች? «ለአንተው ብዬ ነው» ትለው ይሆን?

ታዲያ የትኛውን መረጥን?

ሦስታችንም አንድ ቦታ አልገባንም። ባንከኛዋ ሴቷ የምትጀምርበትን መርጣለች፤ ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ሲናገራት ስለሚውል ማታ እሷ መጀመር ትፈልጋለች። ልብስ ነጋዴዋ ፎቶዋ የትም የታወቀ ስለሆነ የስልክ ማውጫዋን ዘግታ ትልቁ ገበያ ውስጥ ገብታለች። ሦስተኛዋ ረጅም ጽሑፍ የሚጻፍበትንና ስለ ልጅ ሁለቱንም ጥያቄ የሚጠይቀውን ወስዳለች (ሙያ ነው፣ ምን ይደረግ)። የቴሌግራሙን ቻናል ሦስታችንም ትተነዋል። የጋራችን አምስቷ ቃል ናት፤ ሦስቱም ላይ ከላይ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ተጽፋለች። እሷን ከላይ ለመጻፍ ቦታ የማይሰጥ፣ ያነበቧትን ሰዎች ለይቶ የማያሳይ፣ ክፉ ሲመጣ በፍጥነት በር የማያስዘጋ ሳይት ስንት ሚሊዮን ወንድ ቢኖረው ለኛ ባዶ ነው።

መልእክቱ ቀንሷል። በሳምንት ሁለት፣ አንዳንዴ አንድ፣ አንዳንዴ ምንም። ከነዚህ ውስጥ አንዱን እናካፍላችሁ። ስለ ቁመት የለም፣ ስለ ውበት የለም። «ሰላም ነሽ? እኔም አንዲት አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ናት፣ ስለዚህ ቅዳሜ አልችልም። እሑድ ከሰዓት ይመችሻል?» ይላል።

ሦስት ሴት አንዲት ስልክ ላይ አጎንብሰን ደጋግመን አነበብነው። «ቅዳሜ አልችልም» የሚል ወንድ እንዲህ ያማረ መስሎን አያውቅም ነበር። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ስተር የሚባል ለወላጆች ብቻ የታሰበ አፕ ሲከፍቱ ሁለቱ ሰዎች ነፃ የሆኑበትን ሰዓት የሚያመሳክሩበት ቦታ አስገብተውበት ነበር። ያኔ ስናነበው የቅንጦት መስሎን ነበር፤ አሁን ገባን።

ለእሑዱ መልስ ገና አልተሰጠም። የሚሠራበት ቦታ እየተጠያየቀ ነው፣ የቪዲዮ ጥሪው ለሐሙስ ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ተይዟል፣ የሁለቱም ልጆች ከተኙ። ሽማግሌዎቹ በጎን ተቀምጠን እንሰማለን። እናንተም እንዲህ ያለ ሳጥን ፊት የቆማችሁ ካላችሁ፣ አምስቷን ቃል ከላይ ጻፏትና ማን እንደሚቀር እዩ።

ቸር ይግጠመን።